የጋሼ ወልዱ ምርቃት

ሳሌም ልታገባ መሆኗን ከእናትና አባቷ ቀጥሎ የነገረችው ለናዝሬት ነው። ዊንጌት አካባቢ ግድግዳ ተጋርተው ነው ያደጉት፤ የአንዷ እናት ስትቆጣ ሁለቱም ይደነግጡ ነበር። ስለዚህ ቪዲዮውን ማን ይሥራው የሚል ጥያቄ አልተነሣም። ናዝሬትና ታላቅ ወንድሟ ኪሩ አዲሱ ገበያ ውስጥ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል የሰርግ ቪዲዮ ይሠራሉ። ኪሩ ካሜራ ይዞ ሰርጉ ላይ ይውላል፤ ናዝሬት የተቀረጸውን ኮምፒውተር ላይ እየቆረጠችና እየቀጠለች ታቀናብራለች።

«ለሌላ ሰው ከሰጠሽ እንጣላለን» አለቻት ናዝሬት።

«ለማን እሰጣለሁ? ብቻ አባዬን በደንብ አድርጋችሁ ቅረጹልኝ። ካሜራ ሲያይ ይሸሻል።»

የሳሌም አባት ጋሼ ወልዱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲጣላ ሌሎች ያስታርቃሉ፣ እሳቸው ወንበር ያመጣሉ። የናዝሬት አባት ገና ልጅ እያለች ስለሞተባት፣ ትምህርት ቤት «ወላጅ አምጪ» ስትባል አብረዋት የሚሄዱት ጋሼ ወልዱ ነበሩ። መምህሩ የሚለውን ሁሉ ዝም ብለው ይሰሙና ሲወጡ «በይ ነይ፣ ቦምቦሊኖ ልግዛልሽ» ይሏታል። በቃ። ቤት ደርሰው ለእናቷ ምንም አይናገሩም።

ያን ዓመት ያስቸገረው ኮምፒውተሩ ነበር። ኪሩ አዲስ ካሜራ ገዝቷል፤ ምስሉ የሰው ቅንድብ ያስቆጥራል። ታዲያ የሚቀርጸው ፋይል ከባድ ስለሆነ የናዝሬት ኮምፒውተር አልቻለውም። አንድ ቦታ ቆርጣ ሌላው ጋ ልትቀጥል ስትል ድርቅ ብሎ ይቀራል። ጥር ደግሞ ገባ፤ ጥር ለሰርግ ቀራጭ ቁጭ የማይባልበት ወር ነው።

ኮምፒውተሩን ተሸክማ እዚያው ገበያ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥና የሚጠግን አሽረፍ የሚባል ደንበኛዋ ጋ ወሰደችው። አሽረፍ ከፈተና አየው።

«ራም ነው ያነሰሽ» አላት። ራም፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ የያዘውን ነገር ሁሉ ለጊዜው የሚያኖርበት፣ ከማስመሪያ የማይበልጥ ቀጭን ሰሌዳ ነው። የናዝሬት ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ብቻ ነበር የተሰካው፤ አጠገቡ ባዶ ቦታ አለ። አሽረፍ ከመሳቢያው ሌላ አወጣ።

«ይሄ ካንቺው ይበልጣል፤ ግን ሥሪቱም ፍጥነቱም ሌላ ነው። አብረው ይገባሉ። ብዙ ጊዜ ይሠራሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ አይስማሙም። አንድ ዓይነት ጥንድ ብታደርጊ ነበር የሚሻለው፤ አሁን እጄ ላይ የለም እንጂ። ትንሽ ከታገስሽኝ ከመርካቶ አስመጣልሻለሁ።»

«አልችልም አሽረፍ። የጓደኛዬ ሰርግ ደርሷል፣ ከሱ በፊት የማስረክበው ሌላ አለ። ይሄንኑ ስካልኝ።»

ሰካላት። ሲያስረክባት «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ሁለቱ አብረው ሲሆኑ በዘገምተኛው ልክ ነው የሚሄዱት። ፈጣኑ ይጠብቀዋል። እንደዛው ተዪው፣ አትነካኪው።»

ኮምፒውተሩ ሌላ ሆነ። ናዝሬት ቀኑን ሙሉ የምትታገለውን ሥራ እስከ ምሳ ሰዓት ትጨርሰው ጀመር። ግን አዲሱ ራም የሚችለውን ያህል እየሮጠ አለመሆኑን ማወቋ ከነከናት። እንዲህ ከሮጠ፣ ቢለቀቅ ደግሞ ምን ሊሆን ነው? አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ አንድ ልጅ ከኮምፒውተሩ የውስጥ ማስተካከያ ገብቶ ፍጥነቱን ሲጨምር አየች። እሱ ያደረገውን አደረገች፤ ሁለቱም በአዲሱ ፍጥነት እንዲሄዱ አዘዘች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሣ፤ ምንም አልሆነም። ኪሩን ጠርታ አሳየችው። «አንቺ እኮ ኢንጂነር መሆን ነበረብሽ» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ አንዴ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ጠፋ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ የዋለበት ቀን ስለነበር የመብራቱ መሰላት። እንደገና አስነሣችውና ረሳችው።

የሳሌም ሰርግ እሑድ ዋለ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጥቶ፣ በሩ ላይ ተጨፍሮ፣ ተለምኖ ገባ። የጋሼ ወልዱ ሳሎን ጠባብ ነው። ሽማግሌዎቹ፣ ዘመዱ፣ ሚዜው ሁሉ ከገባ ካሜራ መትከያ ስለማይኖር ናዝሬትና ሌሎቹ የሙሽራዋ ሚዜዎች ግቢ ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ። ሙሽሮቹ የወላጅ ጉልበት ሊስሙ ሲቀርቡ ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ኪሩን ካሜራው ፊት የተዘረጋው እጅ ብዛት አናደደው።

«ቤተሰብ፣ ስልካችሁን አውርዱልኝ!» አለ ጮክ ብሎ። «እየከለላችሁኝ ነው። ሁሉንም በጥራት እሰጣችኋለሁ፣ ቃሌ ነው።»

ሰው እያጉረመረመ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ያን ጊዜ ነው ጋሼ ወልዱ የተናገሩት። ሁለት ቃል ብለው ይጨርሳሉ ሲባል፣ እጃቸውን የልጃቸው ራስ ላይ አድርገው ረጅም ምርቃት መረቁ። ሰው እንዲያ ሲናገሩ ሰምቷቸው አያውቅም። ሳሌም ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘርትሁን በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል፤ ሴቶቹ እልልታውን መያዝ አቅቷቸው በየመሃሉ ይለቁታል። ግቢ የቆሙት የሰሙት ልቅሶና እልልታ ብቻ ነው። ኪሩ ዓይኑ ቀልቶ ሲወጣ ናዝሬት ያዘችው።

«ምን አሉ?»

«ታይዋለሽ። ሁሉም ተቀርጿል።»

በማግስቱ ጠዋት ናዝሬት ሚሞሪ ካርዶቹን ከካሜራው አውጥታ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠች። ገልብጣ ስትጨርስ የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ከፍታ አየች፤ ጥሩ ናቸው። ኪሩ የሳምንቱን ሰርግ ሊቀርጽ ካርዶቹን ይፈልጋቸዋል። «ባዶ አድርገሽ ስጪኝ» አላት። አጠፋቻቸውና ሰጠችው። እሱም ወሰዳቸውና የሌላ ሰው ሰርግ ቀረጸባቸው።

የሳሌምን ሰርግ ለመሥራት የተቀመጠችው ሙሽሮቹ ሐዋሳ እያሉ ነው። የግቢው፣ የመኪናው፣ የጭፈራው ትንሽ ትንሽ እየተሰናከለም ቢሆን ተከፈተላት። ሳሎኑን ስትከፍት ግን የጋሼ ወልዱ ፊት ተሰነጣጠቀ። አረንጓዴና ሐምራዊ ካሬዎች ስክሪኑን ሞሉት። ድምፁ እንደ ንብ ዝዝዝ ይላል። ዘጋችና ደግማ ከፈተች። ያው ነው። ቀጣዩን ፋይል ነካች፤ ጭራሹን አልከፈት አለ።

ኮምፒውተሩን እንደያዘች ወደ አሽረፍ ሮጠች። አሽረፍ ራሙን የሚፈትሽ ፕሮግራም አስገብቶ ለቀቀው። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞላ። እያንዳንዱ ቀይ መስመር ስሕተት መሆኑን ሳይነግራት ገባት።

«ፍጥነቱን ነክተሽዋል?» አላት።

«ነክቼዋለሁ።»

አሽረፍ አልወቀሳትም። «እ... ማለቴ፣ ሳትነኪውም ሊሆን ይችል ነበር። እርግጠኛ መሆን አይቻልም» አለ።

«እሺ አሁን ከዲስኩ አይመለስም? የጠፋ ፋይል ታወጣ የለ?»

«የጠፋ ቢሆን አወጣልሽ ነበር። ይሄ አልጠፋም። ስትገለብጪ በራሙ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሲያልፍ ተበላሸ፣ ዲስኩ የተቀበለው የተበላሸውን ነው። ካርዱን አምጪልኝ እስኪ።»

ካርዶቹን አመጣችለት። አሽረፍ ከሥር ያለውን ለማውጣት ሲሞክር ዋለ። የወጣው የማታውቃት ሙሽራ ነበረች፤ የማታውቃቸው ሰዎች፣ የማታውቀው አዳራሽ፣ ጭፈራ። ናዝሬት ከዚያ ሁሉ ፊት መሃል አንድ ፊት እየፈለገች እስከ መጨረሻው አየችው። የለም።

ቤት ስትመለስ ከኪሩ ጋር ተጣሉ። «ያልገባሽን ነገር ለምን ትነካኪያለሽ?» አላት። «አንተስ ካርዱን አጥፊ ብለህ ለምን ታቻኩለኛለህ?» አለችው።

«ሳሊ ስትመለስ እንነግራታለን» አለ ኪሩ በመጨረሻ።

ሳሌም ከሐዋሳ ስትመለስ ግን ናዝሬት አልነገረቻትም። ጠቁራ፣ እየሳቀች፣ ዓሣ ይዛ ነበር የመጣችው። ይህን ደስታ ዛሬ ባልነካባትስ አለች ለራሷ። በሌላ ቀን ደግሞ ሳሌም «ቪዲዮው እንዴት ሆነ?» ስትላት «ወረፋ በዝቶብናል፣ ትንሽ ታገሺን» አለቻት። እንዲህ እንዲህ እያለች ጾሙ ገባ።

አንድ ጠዋት ጋሼ ወልዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረታቸውን ይዘው በራቸው ላይ ቁጭ አሉ። እትዬ ዘርትሁን ውኃ ይዘው ሲወጡ መናገር አቅቷቸዋል። ጎረቤት መኪና አምጥቶ ይዟቸው ሮጠ፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ።

ድንኳኑ የተተከለው ያኔ የሰርግ ድንኳን በተተከለበት ቦታ ነው። ናዝሬት ስትገባ ሳሌም ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ድምፅዋ ተዘግቷል። ናዝሬት አጠገቧ ወድቃ አብራት አለቀሰች፤ የምታለቅሰው ለሳሌም አባት ብቻ አልነበረም፣ ለራሷም ነው። ለቅሶው ጋብ ሲል ሳሌም ጆሮዋ ድረስ ተጠግታ በዚያ በተዘጋ ድምፅ ጠየቀቻት።

«ናዚዬ፣ ድምፁ አንቺ ጋ አለ አይደል? የመረቀኝ? እኔ እያለቀስኩ አልሰማሁትም እኮ። ቪዲዮው ላይ እሰማዋለሁ ብዬ ነው።»

ሰው ሁሉ ያያቸዋል። እትዬ ዘርትሁን ከወዲያ ማዶ አንገታቸውን ቀና አድርገው መልሱን ይጠብቃሉ።

«አለ» አለች ናዝሬት።

«ተመስገን» አለች ሳሌም፤ እጇንም ያዘቻት።

ከዚያ በኋላ ናዝሬት ያልሞከረችው ነገር የለም። አሮጌውን ራም አወጣች፣ አዲሱን አወጣች፤ አሽረፍ አንድ ዓይነት ጥንድ አስመጥቶ ሰካላት፤ ኮምፒውተሩ እንደ ሰዓት መሥራት ጀመረ፤ የተበላሸው ግን እንደተበላሸ ነው። የተጎዳ ቪዲዮ ይጠግናል የተባለ ፕሮግራም ሁሉ ሞከረች። አንዱ ምስሉን መልሶ ድምፁን ያጠፋል፤ ሌላው የጋሼ ወልዱን አፍ አንድ ቦታ ላይ ከፍቶ ያቆመዋል። ኪሩ ሊያግዛት ይመጣና ትንሽ አይቶ ይወጣል። «ስልካችሁን አውርዱ ያልኩት እኔ ነኝ» ይላል ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ። «ባልናገር ኖሮ በሰው ስልክ ይገኝ ነበር።» አሁን የሚጣሉት ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ነው እየተባባሉ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ነገር አገኘች። ኪሩ የሙሽራውን መኪና ሲጠባበቅ ከበር ውጭ የቀረጸው አጭር ቪዲዮ ነው፤ እሱ ምንም አልሆነም። ጋሼ ወልዱ በአዲሱ ሱፋቸው አስፋልቱን እያዩ ቆመዋል። ዞር ሲሉ ካሜራውን ያያሉ።

«ይሄ ነገር እየቀዳ ነው እንዴ?»

«አዎ ጋሼ» የሚለው የኪሩ ድምፅ ይሰማል።

«ተወኝ እባክህ። እሷን ቅዳ፣ እሷን።» በእጃቸው ሌንሱን ሸፈን ያደርጉታል፤ ያልቃል።

ይህችን ይዘው ለአርባው ጥቂት ቀን ሲቀር ወንድምና እህት አብረው ሄዱ። ከሰዓት ነበር፤ ሳሌም ከእናቷ ጋር ለአርባው ጌሾ ትለቅማለች። ናዝሬት ሳትቀመጥ፣ ቆማ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ራሙን፣ ፍጥነቱን፣ ካርዱን። ሳሌም ጌሾው እጇ ላይ እንዳለ ሰማቻት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች በመጨረሻ።

«ሐዋሳ እያለሽ።»

«አባዬ በሕይወት እያለ?»

ናዝሬት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ያኔ ብትነግሪኝ እኮ...» አለች ሳሌም። «እኔ እኮ በየሳምንቱ እዚህ እመጣ ነበር። አባዬ ምን ብለህ ነው የመረቅኸኝ ብዬ ብጠይቀው፣ እንደገና ይነግረኝ ነበር። ቁጭ ብሎ ይነግረኝ ነበር፣ ናዚ።»

ይህን ናዝሬት አስባው አታውቅም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስትፈልግ የኖረችው ፋይል ነው። ሰውየው እዚሁ ግድግዳ አጠገብ እንደነበሩ፣ መጠየቅ ብቻ ይበቃ እንደነበር ልብ አላለችም።

«ድንኳን ውስጥ ደግሞ አለ አልሽኝ።»

«አልኩሽ።»

«ተመስገን ብዬ እጅሽን ያዝኩ።»

ኪሩ በጉልበቱ ተንበርክኮ «ሳሊ፣ እኔ ነኝ፣ ስልኩን...» ሲል እንባው ቀደመው። ሳሌም ጌሾውን አስቀምጣ ተነሣችና ወደ ጓዳ ገባች። አልተመለሰችም።

«ምንም አልቀረም?» አሉ እትዬ ዘርትሁን።

«ትንሽ አለች፣ እትዬ። ምርቃቱ አይደለም።»

በስልኳ ከፈተችላቸው። እትዬ ዘርትሁን መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «ተወኝ እባክህ» የሚለው ሲሰማ ሳቅ ቀደማቸው፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። «ይሄው ነው እሱ» አሉ። «አየሽ፣ ሲገፈትረው። ድገሚልኝ።» ደገመችላቸው። ከጓዳ በኩል ኮሽታ የለም፤ ሳሌም ትስማ አትስማ አልታወቀም።

አርባው አለፈ። ናዝሬትና ኪሩ ሲያገለግሉ ዋሉ፤ ሳሌም ለሁሉም ሰው እንደምትለው «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ዊንጌት ታክሲ ተራ ላይ ሲገናኙ ይሳሳማሉ፣ እናት ደህና ናቸው ይባባላሉ፣ የመጣው ታክሲ አንዳቸውን ይዞ ይሄዳል። ድሮ ታክሲ አሳልፈው የሚያወሩ ሰዎች ነበሩ።

ክረምቱ መሃል ላይ፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ቀን፣ ሳሌም ሳትደውል የፋርማሲውን ደረጃ ወጥታ መጣች። ሆዷ ገፋ ብሏል። ናዝሬት ደንግጣ ወንበር ሰጠቻት።

«ያን የተበላሸውን ክፈቺልኝ» አለች ሳሌም።

«የሚሰማ ነገር የለውም፣ ሳሊ።»

«ይሁን። ሰውን ሁሉ ጠይቄ ጨረስኩ። እማዬን ጠየቅሁ፤ እያለቀሰች ስለነበር 'ስለ ጤና ብሏል' ትላለች። ባሌ 'ተከባበሩ ያሉ ይመስለኛል' አለኝ። ተከባበሩ ሁሉም አባት ይላል። ኪሩን እንኳ መንገድ ላይ አስቁሜ ጠየቅሁት።»

«አልነገረኝም። ምን አለሽ?»

«ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር፣ ትኩረቱን እያስተካከልኩ ነበር አለኝ። አልሰማሁም አለኝ።»

ናዝሬት ፋይሉን ከፈተች። ካሬዎቹ መጡ፤ በካሬዎቹ መሃል የሱፍ እጅጌ፣ የነጭ ቬሎ ቁራጭ፣ የጋሼ ወልዱ ግማሽ ግንባር። ድምፁ ዝዝዝ ይላል። ሳሌም ወንበሯን ስባ ድምፅ ማጉያው ላይ ጆሮዋን አደረገች። ጩኸቱ መሃል ላይ ለቅጽበት ጥርት አለና፣ ከዚያ ከረጅም ሰውዬ የሚጠበቅ ወፍራም ድምፅ «እናትሽን» አለ። ወዲያው ተመልሶ ዝዝዝ።

ሳሌም ቀና አለች። «እናትሽን ምን?»

ናዝሬት ወደ ኋላ መልሳ ደገመችው። «እናትሽን።» ከዚያ ጩኸት። ሦስተኛ ልትደግመው ስትል ሳሌም እጇን ያዘች።

«ይብቃ። ይሄንን ጫኚልኝ።»

ናዝሬት ፍላሽ ላይ ገለበጠችላት፤ ከፍታም እስከ መጨረሻው አረጋገጠች። ስትሰጣት «አንድ ቀን ቴክኖሎጂው ሲሻሻል ምናልባት...» ብላ ጀመረች።

«ተይ፣ ናዚ» አለቻት ሳሌም። የቁጣ ድምፅ አልነበረም። ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ፣ ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች።

«ዝናቡ እስኪያባራ ቆይ።»

«ታክሲው ቅርብ ነው።»

«ጃንጥላ ልስጥሽ?»

ሳሌም ትንሽ አሰበችና ተቀበለቻት። ናዝሬት በመስኮት በኩል ጭቃውን እየመረጠች፣ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ ይዛ ወደ ታክሲው ሰልፍ ስትሻገር አየቻት። ሰልፉ ረጅም ነበር።

ኪሩ ካሜራውን ይዞ በስብሶ ሲገባ ገና መስኮቱ ጋ ነች።

«ታች ያየኋት ሳሊ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ታረቃችሁ?»

«እንጃ» አለች ናዝሬት፤ ካርዱን ልትቀበለውም እጇን ዘረጋች።